ከሥዕል ወደ ድምፅ፤ ሞዴሏ ትዊጊ ዘፋኝና የቴሌቪዥን ሰው የሆነችበት ታሪክ

የታሪክ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የተጻፈ ምስክር ነው። ደብዳቤ፥ የመዝገብ ቃል ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ካገኘ፥ ሰውየው ምን አስቦ ምን እንዳደረገ ለመገመት መንገድ ይኖረዋል። ነገር ግን በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ ከቃላቸው ይልቅ መልካቸው የታወቀ፥ ሥዕላቸው አገር ሳይለይ የተሠራጨ፥ ድምፃቸውን ግን ብዙ ሰው ያልሰማው ሰዎች ተነሥተዋል። የልብስ ማሳያ ሞዴሎች ከእነዚህ ወገን ናቸው። ሞዴሏ ልብሱን ለብሳ ትቆማለች፤ ፎቶግራፍ አንሺው ያነሣታል፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ሥዕሉን ይመርጣል፤ ነጋዴውም ልብሱን ይሸጣል። ከእርሷ የሚፈለገው መልክና ትዕግሥት ስለ ሆነ፥ ሥራው ቃል አይጠይቃትም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ሞዴሎች የአንዷን ታሪክ ነው። እርሷም ትዊጊ በሚለው ስም የታወቀችው እንግሊዛዊት ሌዝሊ ሆርንቢ ናት። ጥያቄያችን እንዲህ የሚል ነው፤ ለአራት ዓመት ያህል ሥዕል ብቻ ሆና የኖረች ልጅ፥ ድምፅዋ በሸክላና በቴሌቪዥን የሚሰማ ሴት የሆነችው በምን ኀይል ነው? የተለመደው መልስ «ዝናዋ ተሸከማት» የሚል ነው። ማስረጃውን በዘመን ተራ ብንደረድረው ግን፥ ይህ መልስ ግማሹን ብቻ የሚናገር ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

፩. ሥዕሉ እንዴት እንደ ተሠራ

ሌዝሊ ሆርንቢ መስከረም 19 ቀን 1949 በሰሜን ምዕራብ ለንደን ኒዝደን በተባለ ሰፈር ተወለደች። አባቷ ከላንካሽር የመጡ አናጢ ነበሩ፤ እናቷም ስፌት አስተምረዋታል። ልጅቷ ባደገችበት ጊዜ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ ችግር ወጥታ፥ ወጣቶች የራሳቸውን ደመወዝ ይዘው የራሳቸውን ልብስና ሸክላ መግዛት የጀመሩበት ዘመን ነበረ። እንደ ሜሪ ኳንት ያሉ የልብስ ነዳፊዎች አጭር ቀሚስን ያስለመዱት ለእነዚህ ወጣቶች ነው። ጋዜጦችም ይህን ገበያ አይተው በየጊዜው አዲስ መልክ ይፈልጉ ነበር።

በ1966 መጀመሪያ ላይ፥ ዕድሜዋ 16 ሳለ፥ ሜይፌር በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሌናርድ የተባለ ፀጉር ሠሪ ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ አሳጥሮ ቈረጠላት። ባሪ ላቴጋን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺም አዲሱን መልኳን አነሣ። ዴይሊ ኤክስፕረስ በተባለው ጋዜጣ የሴቶችን ልብስ ጉዳይ ትጽፍ የነበረችው ዲርድረ ማክሻሪ ፎቶግራፉን አይታ፥ በየካቲት ወር 1966 የዓመቱ መልክ ይህ ነው ብላ አወጣችው። ሥራ አስኪያጇና ወዳጇ የነበረው ጀስቲን ደ ቪልነቭ (ይህም ስም እርሱ ለራሱ ያወጣው ነው) ትዊጊ የሚለውን ስም አጸደቀላት። ትዊግ ማለት በእንግሊዝኛ ጭራሮ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣላት ከቅጥነቷ የተነሣ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ እነማን እንደ ሠሩ እንቊጠር። ፀጉሩን የቈረጠው ሌናርድ ነው፤ ሥዕሉን ያነሣው ላቴጋን ነው፤ ማዕርጉን የሰጠችው ማክሻሪ ናት፤ ስሙን ያጸደቀው ደ ቪልነቭ ነው። ለልጅቷ የራሷ ሆኖ የሚቈጠርላት፥ እርሷ ራሷ እንደምትናገረው፥ ከታችኛው ሽፋሽፍቷ ሥር በቀለም ትሥለው የነበረው መስመር ነው። ይህንም ያሰበችው አሻንጉሊት አይታ ነበር።

፪. መልኩ ዓለምን ሲዞር

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ፍጥነቱ ያስደንቃል። በ1967 ወደ ኒው ዮርክ በሄደች ጊዜ ታላላቆቹ የአሜሪካ መጽሔቶች ስለ እርሷ ጻፉ፤ በርት ስተርን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ጉዞዋን ለአሜሪካ ቴሌቪዥን በፊልም አነሣ፤ ሪቻርድ አቬዶንም ለቮግ መጽሔት አነሣት። ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ በዚያው ዓመት በእርሷ መልክ አሻንጉሊት ሠርቶ ሸጠ። የዚህን ነገር ትርጉም ማሰብ ይገባል። ልጅቷ የዓይኗን አሳሳል ከአሻንጉሊት ወሰደች፤ ከአንድ ዓመት በኋላም አሻንጉሊት በእርሷ አምሳል ተሠራ። አሻንጉሊቱም ሆነ ፎቶግራፉ ለብሶ መታየት እንጂ መናገር አይችልም።

በዚያ የዝና ወራት ድምፅዋን በሸክላ ለመሸጥ የተሞከረ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ዘፈኖች ተቀርጸውላት ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን አንዱም በእንግሊዝ አገር የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ማስረጃ ነው። ዝና ብቻውን ዘፋኝ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፥ ዝናዋ ከሁሉ በበለጠበት በዚያን ጊዜ ሸክላዋ በተሸጠ ነበር። ሕዝቡ መልኳን ገዛ፥ ድምፅዋን ግን ገና አልፈለገውም።

ስለ ሙዚቃ ጆሮ እንዳላት የሚያስረዳ አንድ ነገር ግን በ1968 ሆነ። በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ሜሪ ሆፕኪን የተባለች የዌልስ ልጅ ስትዘፍን አይታ፥ ለቢትልሱ ለፖል ማካርትኒ ነገረችው። ማካርትኒም ልጅቷን ወደ አፕል የሸክላ ኩባንያ አስገባት፤ በዚያው ዓመት ያወጣችው የመጀመሪያ ሸክላዋም በእንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ። የራሷ ድምፅ ገና ያልታወቀላት ሞዴል የሌላዋን ድምፅ ለይታ አወቀች።

፫. ሥራውን ትታ የተማረችበት ጊዜ

በ1970 ትዊጊ ከአራት ዓመት በኋላ ሞዴልነቱን ተወች። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የልብስ መስቀያ ሆኖ ሊኖር አይችልም የሚል ምክንያት መስጠቷ በሰፊው ይነገራል። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ገና 20 ወይም 21 ነበር። ለብዙ ሰዎች ይህ ውሳኔ ሞኝነት መስሎ ቢታይ አያስደንቅም፤ ገበያው ገና አልተዘጋባትም ነበርና።

ከእርሷ በፊት በዚህ ሙያ የታወቀችውን ጂን ሽሪምፕተንን ለማነጻጸሪያ ብናመጣት ነገሩ ይብራራል። ሽሪምፕተን በ1967 ፕሪቪሌጅ በተባለ ፊልም ውስጥ ዋና ተዋናይት ሆና ሠርታ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ አልገፋችበትም። በኋላ ከከተማ ርቃ በኮርንዎል አገር ፔንዛንስ በተባለ ከተማ የሆቴል ባለቤት ሆነች። ይህ የተከበረ ምርጫ ነው፤ ከሥዕሉ ለመላቀቅ አንዱ መንገድ ከሕዝብ ዓይን መራቅ ነውና። ትዊጊ የመረጠችው ሌላውንና የሚያስፈራውን መንገድ ነው፤ ይኸውም በዚያው ሕዝብ ፊት ሌላ ሰው ሆኖ መቅረብ ነው።

አጋጣሚውን የሰጣት የፊልም አዘጋጁ ኬን ረስል ነው። ረስል ዘ ቦይ ፍሬንድ የተባለውን የሳንዲ ዊልሰን የሙዚቃ ቴአትር ወደ ፊልም ሲለውጥ ዋናውን ቦታ ለእርሷ ሰጠ። ፊልሙ በ1971 ወጣ። ቴአትሩ ዘፈንና የጫማ ምት ያለበት ጭፈራ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ትዊጊ መዝፈንንና መጨፈርን ከመሠረቱ መማር ነበረባት። አብረዋት የሠሩት ክሪስቶፈር ጌብልና ቶሚ ቲዩን በጭፈራ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ አጠገብ ቆሞ ጉድለትን በመልክ መሸፈን አይቻልም። በ1972 ለዚሁ ሥራ ሁለት የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተሰጣት፤ አንዱ በሙዚቃ ወይም በአስቂኝ ፊልም ስለ ምርጥ ተዋናይነት፥ ሁለተኛው ስለ አዲስ ተስፋ ሰጪ ተዋናይነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፥ «ስመ ጥር ባትሆን ኖሮ ረስል መቼ ይፈልጋት ነበር?» ሊለን ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ እኛም አንክድም። ዝናው በሩን ከፍቶላታል። ነገር ግን በር መከፈቱ አንድ ነገር ነው፥ ገብቶ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። በ1966ና በ1967 የሸክላ ኩባንያዎች በር ተከፍቶላት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይዛው የምትገባው ሙያ አልነበራትም። በ1971 የተለወጠው ነገር ዝናዋ አይደለም፤ ዝናዋማ እንዲያውም ቀንሶ ነበር። የተለወጠው የተማረችው ነው።

፬. ሸክላውና ቴሌቪዥኑ

በ1973 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፥ ከደ ቪልነቭ ጋር የነበራት የሥራና የፍቅር ግንኙነት አበቃ። ሁለተኛ፥ ዴቪድ ቦዊ ፒን አፕስ የተባለውን ሸክላውን ሲያወጣ፥ በሽፋኑ ላይ ከእርሱ ጋር የተነሣችው ትዊጊ ነበረች። ፎቶግራፉንም ያነሣው ራሱ ደ ቪልነቭ ነበር፤ በመጀመሪያ የታሰበው ለቮግ መጽሔት ነበር። ይህ ሽፋን ለተመራማሪ ጥሩ ሰነድ ነው፤ ሸክላው ውስጥ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ሲሆን፥ እርሷ ከውጭ መልክ ሆና ትታያለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሽፋኑም ዘፈኑም የእርሷ የሆነ ሸክላ ወጣ።

በመካከሉ ያለውን ድልድይ የሠራው ቴሌቪዥን ነው። በ1974 ቢቢሲ በእርሷ ስም የተሰየመ የዘፈንና የመዝናኛ ዝግጅት ሰጣት፤ በ1975ም ይኸው ቀጠለ። በዚያው በ1974 በለንደን መድረክ ላይ ሲንደሬላን ሆና ተጫወተች። የሕይወት ታሪኳንም በ1975 በመጽሐፍ አወጣች። ቴሌቪዥን ለምን ድልድይ ሆነ ቢሉ፥ መልክና ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚታይበትና የሚሰማበት መሣሪያ ስለ ሆነ ነው። ፎቶግራፍ መልክን ከድምፅ ይለያል፤ ሸክላ ድምፅን ከመልክ ይለያል። በየሳምንቱ ከቤቱ ተቀምጦ የሚያያት ሰው ግን ያን የሚያውቀውን ፊት ሲናገር፥ ሲስቅና ሲዘፍን ያየዋል፤ ቀስ በቀስም ፊቱንና ድምፁን አንድ አድርጎ ይለምዳል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከድሮው የሙዚቃ አዳራሽ የወረደ፥ ዘፈንንና ጨዋታን ጭፈራንም በአንድ ምሽት የሚያቀርብ ልማድ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ አንድን ሰው በብዙ ሙያ ማየት እንግዳ አልሆነበትም።

በ1976 ትዊጊ የተባለው ሸክላዋ ወጣ፤ ከዚህም ውስጥ የተወሰደው አንድ ዘፈን በእንግሊዝ አገር የሽያጭ ዝርዝር 17ኛ ደረጃ ደረሰ። ከአሥር ዓመት በፊት ያልተገኘው ነገር በዚህ ጊዜ ተገኘ። የአሜሪካን ገጠር ዘፈን ስልት የቀላቀለው ይህ አዘፋፈን ለስላሳና ያለ ብዙ ጩኸት የሚሰማ ነበር። ለሸክላዎቿ ሽያጭም የብር ሽልማት ተሰጣት። በዓለም ሁሉ በታየው በመፔት ሾው የመጀመሪያ ዙር ውስጥም እንግዳ ሆና ቀረበች። በ1977 ያወጣችው ሁለተኛ ሸክላ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እባካችሁ ስሜን በትክክል ጥሩልኝ» ማለት ነው። ሰዎች ያወጡላትን ስም ተሸክማ ዓለምን የዞረች ሴት ይህን ርእስ ስትመርጥ፥ በአጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ለታሪክ ተማሪ ይከብደዋል።

በ1981 ደግሞ በቴሌቪዥን በቀረበው የበርናርድ ሾው ፒግማሊዮን ውስጥ ኢላይዛ ዱሊትልን ሆና ተጫወተች። አንባቢ እንደሚያውቀው፥ ይህ ቴአትር አንድ የቋንቋ ሊቅ የአንዲት አበባ ሻጭን አነጋገር ለውጦ እንደ እመቤት ሲያደርጋት፥ በመጨረሻም የተሠራችው ሴት ሠሪዋን ተቃውማ በራሷ ስትቆም የሚያሳይ ነው። በሌሎች እጅ ተሠርታ ለዓለም የቀረበች ሴት ለዚህ ቦታ ብትመረጥ ተገቢ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው ፈተና በ1983 መጣ። ማይ ዋን ኤንድ ኦንሊ የተባለው የገርሽዊን ዘፈኖች ቴአትር በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ሲከፈት፥ ትዊጊ ከቀድሞ የፊልም ባልደረባዋ ከቶሚ ቲዩን ጋር ዋናውን ቦታ ይዛ ነበር። ቴአትሩ በጠቅላላው 767 ጊዜ ታየ፤ እርሷም ለቶኒ ሽልማት ታጨች። በሕያው መድረክ ላይ ፎቶግራፍ አንሺ መብራቱን አያስተካክልም፤ የተበላሸውንም ሥዕል ጥሎ ሌላ አያነሣም። በየምሽቱ የተገኘው ድምፅና እግር ራሱ ይመሰክራል።

፭. ዝና ያልረዳበት ጊዜ

ታሪካችን ከድል ወደ ድል የሚሄድ ቢሆን ኖሮ፥ እውነቱን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት በሆነን ነበር። በ1991 በአሜሪካ ሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን የጀመረችው ፕሪንሰስስ የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። በ2001 የእንግሊዝ ዲስ ሞርኒንግ የተባለው የጧት ዝግጅት ነባር አቅራቢዎቹ ሲለቁ ከተተኩት አንዷ ሆነች፤ ይህም አጭር ጊዜ ብቻ ቆየ። በእነዚህ ጊዜያት ስሟ ከታወቀ ሩብ ምእተ ዓመት አልፎት ነበር። ስም ብቻውን ዝግጅትን ማቆም ቢችል ኖሮ እነዚህ ባልተቋረጡ ነበር።

ከ2005 እስከ 2007 ደግሞ በአሜሪካ የሞዴሎች ውድድር ዝግጅት ላይ ዳኛ ሆና ተቀመጠች፤ በ2005ም ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ለተባለው የእንግሊዝ መደብር እንደ ገና ሞዴል ሆነች። እዚህ ላይ የነገሩ መዞር ይታያል። በ16 ዓመቷ ሌሎች መርጠዋት ነበር፤ አሁን ግን ስለ ሥራው የምታውቀውን ለመናገር፥ ወጣቶቹንም ለመመዘን በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወደ ሞዴልነቱም የተመለሰችው መናገር እንደምትችል ከታወቀ በኋላ ነው።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፥ የዝና ታሪክ ሲጻፍ ሥራውን ማን እንደ ሠራ መቊጠር ያስፈልጋል። የ1966 ትዊጊ የብዙ ሰዎች የእጅ ሥራ ነበረች፤ ገበያው ላይ ግን የሚታየው የአንዲት ልጅ ፊት ብቻ ስለ ነበረ፥ ሙገሳውም ነቀፋውም በእርሷ ላይ ወደቀ። ቅጥነቷ ለልጃገረዶች መጥፎ ምሳሌ ሆነ የሚለው ክርክር እንኳ የተነሣው በእርሷ ስም ነው፤ ያን መልክ የመረጡትና የሸጡት ሰዎች ግን እምብዛም አልተጠየቁም።

ሁለተኛ፥ ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው መሻገር በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። በ1966 ከተሠራው ሥዕል እስከ 1976ቱ ሸክላ ድረስ አሥር ዓመት አለ። በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ መተው አለ፥ መማር አለ፥ ከቀድሞ አስተዳዳሪ መለየት አለ፥ በየሳምንቱም በሕዝብ ፊት መልመድ አለ። አገራችን «ሙያ በልብ ነው» የሚል አባባል አላት። ሙያ ከልብ እስኪገባ ድረስ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውንም ለመግዛት ዝና እንደ ገንዘብ ያገለግላል። የትዊጊ ብልኅነት ይህን ገንዘብ ሳታባክን ለትምህርት ማዋሏ ነው።

ሦስተኛ፥ ማናቸውም መዝገብ ቤት ውስጥ ስም የሌላቸው ወይም ሌላ ሰው ስም ያወጣላቸው ብዙ ፎቶግራፎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ዘወር ብሎ ለመናገር ዕድል ያገኘው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሥዕልን እንደ ምስክር ስንቀበል፥ የተነሣው ሰው ምን ሊል ይችል እንደ ነበረ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

በ2019 የአዲስ ዓመት የክብር ዝርዝር ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ልብስ ጥበብ፥ ስለ ኪነ ጥበባትና ስለ በጎ አድራጎት አገልግሎቷ የዴም ማዕርግ ሰጣት። በሕግ ማዕርጉ የሚጠራው ወላጆቿ ባወጡላት ስም ሌዝሊ፥ ከባሏም ባገኘችው ስም ሎውሰን ነው። ሕዝቡ ግን አሁንም ትዊጊ ይላታል። በ1966 ይህ ስም ስለ ቅጥነቷ ሌሎች ያወጡላት የቀልድ ስም ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሠራችበት በኋላ ግን የእርሷ ስም አይደለም ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለንም።